ቁልፉን የተጫነ አይሰማም

ባለፈው ፋሲካ ልጄ ዳዊት ስልኩን ይዞ በረንዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። ዳዊት የሞባይል ምሰሶ የሚጠግን ባለሙያ ነው። የሥራ ጓደኛውን ፈልጎ መስመር አጣ።

«ሞልቷል እማዬ። አገሩ ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ እያለ አጨናነቀው። ይኸ ሰላምታ ባይኖር ቁም ነገር ያለው ሰው ይደዋወል ነበር።»

«ይኸን ነገር እቤቴ ውስጥ ሁለተኛ እንዳትናገር» አልሁት።

ደነገጠ። ቁጣዬን ብዙ አያውቀውም።

«ምን አጠፋሁ?»

«ሰላምታን አትክሰስ። ሰላምታን የከሰሰ ሰው አንድ ጊዜ አይቻለሁ።»

ንገሪኝ አለኝ። መናገር አይሆንልኝም። ስለዚህ ጻፍሁለት።

በደርግ ዘመን በስማዳ፣ ወገዳ ላይ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርሁ። ያን ጊዜ ከወገዳ ስልክ መደወል የለም። ክረምት ሲገባ መኪናም የለም። መሥሪያ ቤታችን አራት የሬዲዮ ጣቢያ ነበረው፤ አንዱ ደብረ ታቦር፣ አንዱ መካነ ኢየሱስ፣ አንዱ እኔ ዘንድ ወገዳ፣ አንዱ አርብ ገበያ። የጤና ጣቢያው፣ የእህል መጋዘኑ፣ የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ሁሉ በእነዚህ አራት ሬዲዮዎች ያልፋል። አራቱም የሚሠሩት በአንድ ሞገድ ነው። አንዱ ሲናገር ሦስቱ ይሰማሉ። የማይኩን ቁልፍ ሲጫኑ መናገር ነው፤ ሲለቁ መስማት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ አይቻልም። ቁልፉን የተጫነ ሰው በዚያች ሰዓት ደንቆሮ ነው። ይኸን ያዝልኝ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ሥራውን ያገኘሁት አባትህ ከሞተ በኋላ ነው። አንተ ገና ጡት አልጣልህም። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ሴት ወገዳ ላይ ብዙ ስላልነበረች ወሰዱኝ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ አንተን አሳድጎልኛል፤ አምላክ ይመስገን። ለሥልጠና ደብረ ታቦር ሄድሁ፤ አንተን አዝዬ።

ያሠለጠኑኝ የኔታ ሞላ ይባላሉ። ትክክለኛ የቤተ ክርስቲያን መምህር አልነበሩም፤ እኛ ነን የኔታ ያልናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ቤተ ልሔም ድጓ ሲማሩ ኖረው፣ ሊመሰከርላቸው ሲቃረቡ ጉሮሯቸውን ታመሙ። ዜማው ከዚያ በኋላ አልወጣ አላቸው። «ድምፄን ወሰደና ጆሮዬን ተወልኝ» ይሉ ነበር። በዚያ ጆሮ ወደ ሬዲዮ መጡ። ጸጉራቸው ሸብቶ፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ማዳመጫውን ከጥምጣማቸው በላይ አድርገው ሲቀመጡ ሰው ይስቅ ነበር።

ሲያስተምሩኝ የመጀመሪያው ቀን ላይ አፈርሁ። አርብ ገበያን ጥሪ አሉኝ። አርብ ገበያ ያለችው ኦፕሬተር የሺ ትባላለች። ቁልፉን ተጭኜ ጀመርሁ። «እንደምን ዋልሽ እኅቴ፣ ደኅና ነሽ ወይ፣ ልጆችሽ ደኅና ናቸው፣ ከብቶቹስ፣ ዝናቡስ...» እጄ ቁልፉ ላይ እንዳለ የኔታ አቋረጡኝ።

«ልጄ፣ ላሟንስ ጠየቅሽ፤ ጥጃው ቀረብሽ።»

«የኔታ፣ እንዴት ሰላም ሳልላት ወደ ነገር እገባለሁ? ምን ትለኛለች?»

«ምንም አትልሽም። ላንቺ ልትመልስ ብትፈልግም አትችልም፤ ቁልፉን ይዘሽዋል።»

ይኸን ብለው እጄን ከቁልፉ ላይ በሁለት ጣታቸው ብድግ አደረጉት። ሁሉን ሰምታ ኖሮ የሺ በዚያ በኩል የሳቀችው ሳቅ አሁንም በጆሮዬ አለ። «ጥጃው ደኅና ነው የኔታ፤ በሉልኝ» አለች።

የኔታ የነበራቸውን ልማድ ልንገርህ። ቁልፉን ከመጫናቸው በፊት አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪያልቅ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ሞገዱ ባዶ ቢመስልም ያዳምጣሉ። ተናግረው ሲጨርሱ አውራ ጣታቸውን ከቁልፉ ላይ አንሥተው ወደ ላይ ቀጥ አድርገው ይይዙታል፤ መልቀቃቸውን ራሳቸው እንዲያዩት። አንድ ሰው ሳያውቅ ቁልፉ ላይ ቢደገፍ አራቱም ጣቢያ ይዘጋል። ሁላችንም ይኸን ጣት ከእሳቸው ወረስን።

ጣልቃ መግባት ማለት ምን እንደሆነ ያስረዱኝ በማኅሌት ነው። «ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ይቆማሉ። ቀኝ ሲመራ ግራ ይሰማል። ግራ ሲቀበል ቀኝ ያርፋል። ሁለቱም አብረው ቢያነሡ፣ የሚሰማው የቀኝም አይደለም የግራም አይደለም። ሬዲዮም እንደዚያ ነው፤ ሁለት ጣቢያ አብሮ ሲነሣ የምትሰሚው ፉጨት ነው። ፉጨት ከሰማሽ ሁለት ሰው እየደከመ ነው፤ ማንም እየሰማ አይደለም።»

ነገር ግን ከማኅሌቱ የሚከፋ አንድ ነገር ነበር። በማኅሌት ቀኝና ግራ ይተያያሉ። እኛ አንተያይም። ደግሞም ሁልጊዜ አንሰማማም። የላክነው ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ ሲመለስ ከአንዱ ጣቢያ ራስ ላይ ዘልሎ ያልፋል። ዛሬ የተሰማች ነገ ትጠፋለች። ከሁሉ የሚብሰው በአርብ ገበያና በመካነ ኢየሱስ መካከል ነው። ብዙ ጠዋት ሁለቱ ጨርሶ አይሰማሙም። የሺ ሞገዱ ባዶ ነው ብላ ትነሣለች፤ መካነ ኢየሱስ ላይ ያለችው አስናቀችም ባዶ ነው ብላ ትነሣለች። ሁለቱም አዳምጠዋል፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። ደብረ ታቦር ግን ፉጨት ይሰማል። እኔ ወገዳ መካከል ስለሆንሁ ሁለቱንም እሰማለሁ።

የኔታ ለዚህ መድኃኒት አበጅተው ነበር። የጠዋቱ ሰላምታ እንለዋለን። ማለዳ ሥራ ሳይጀመር ከደብረ ታቦር «እንደምን አደራችሁ» ይላሉ። እኛ በተራ «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን፤ የጣቢያችንን ስም ጨምረን፤ ሌላ ቃል የለም። አርብ ገበያ፣ ወገዳ፣ መካነ ኢየሱስ። ከዚያ የአንዷ ድምፅ ያልደረሳት፣ ለምሳሌ «መካነ ኢየሱስ አልደረሰኝም» ትላለች። ያን ቀን እኔ ተራ ሰጭ እሆናለሁ፤ ሁለቱ እኔን ሳይጠይቁ አይነሡም። ይኸ ሁሉ አንድ ሰው ጫማውን አስሮ እስኪጨርስ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ሰላምታ የለም፤ ስለ ላምም ስለ ጥጃም የሚጠይቅ የለም። ሰላም ስለተባባልን ማንም አይቀየምም። በአንዲት ሞገድ የአራት ወረዳ ሥራ እንሠራ ነበር።

ጥሩ ዘመን ነበር ማለቴ አይደለም። በገበያ ቀን አህያ የአንቴናዬን ሽቦ ጠልፋ ምሰሶውን ይዛ ሄዳለች። አንተ ስታለቅስ በሞገዱ ላይ ትሰማ ነበርና የኔታ «ወገዳ፣ ያንን ዲያቆን አጥቢው» ብለዋል። የሺም ሴት ልጇን፣ ትርንጎን፣ እያጫወተች ትሠራ ነበር። ትርንጎ አፏን ስትፈታ ከቃሎቿ አንዱ «አልደረሰኝም» ነው። ሽሮ ሲሰጧት «አልደረሰኝም» ትላለች አሉ። አራታችንም በየጣቢያችን ሳቅን። በዓይኔ አይቻት አላውቅም፤ ድምፅዋን ግን ከልጄ ድምፅ እኩል አውቀው ነበር።

ከዚያ ያ ሰላምታን የከሰሰው ሰው መጣ። ስሙን አልጽፍም፤ ልጆች ይኖሩታል። ጓድ ተቆጣጣሪ እንለው ነበር። መሥሪያ ቤታችን ከላይ ልኮት መካነ ኢየሱስ ተቀመጠ። ወጣት ነው። በመጣ በማግሥቱ ጠዋት ሰላምታችንን ሰማ። ደብረ ታቦር ድረስ ሄዶ የኔታን በሰው ፊት አቆማቸው። ነገሩን የነገረችኝ እዚያ የነበረች ጸሐፊ ናት።

«አንተ ነህ በመንግሥት ባትሪ ጸሎት የምታስደርገው?» አላቸው። አንተ አላቸው። በአባቱ ዕድሜ ያሉትን ሰው።

«ጸሎት አይደለም ጓድ፤ ሥራ ነው። ማን ማንን እንደሚሰማ የምናውቅበት ነው።»

«ታዲያ እግዚአብሔር እዚህ ምን ይሠራል?»

«እንደምን አደራችሁ ለሚል መልሱ እሱ ስለሆነ ነው። ሌላ መልስ ካለዎት ይስጡንና እሱን እንላለን።»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ነው የጎዳን። ተቆጣጣሪው ፊቱ ጠቆረ። ሌላ መልስ አልሰጠም፤ ሰላምታውን ራሱን ከለከለ። «ጠዋት ሞገዱ ንጹሕ ነው። ንጹሑን ሰዓት በአጉል ልማድ ታባክናላችሁ። ከነገ ጀምሮ ያ ሰዓት የሪፖርት ነው።» የሚቆጥብልን ጊዜ እንዳለ ለሁሉም አስረዳ፤ ሰላምታ ሲቀር ሥራ ይጨምራል አለ።

አልጨመረም። ማን ማንን እንደማይሰማ ሳናውቅ መነሣት ጀመርን። ፉጨት በፉጨት ሆነ። አንዱን መልእክት ደግመን፣ ደጋግመን። ቆጠብሁት ያለውን ጊዜ «ድገሚ» በማለት ጨረስነው። ለተቆጣጣሪው ግን አይታየውም፤ እሱ ቁልፉን ተጭኖ የሚያነብ እንጂ የሚያዳምጥ አልነበረም። ሪፖርቱን ከአስናቀች እጅ ማይኩን ወስዶ ራሱ ያነባል፤ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ጣቱን አያነሣም። የኔታ ሊያስቆሙት በመካከል «ጣቢያዎች ጸጥ በሉ» ቢሉ አይሰማም። እንዴት ይሰማል? ተጭኖታል።

አንድ ዓርብ የአርብ ገበያ ገበያ ሲበተን ያበደ ውሻ ገባ። ትርንጎን ፊቷን ነከሳት። ጨርቅ ነጋዴው ሰይድ በክንድ መለኪያው ብረት ውሻውን ገድሎ ልጅቱን አንሥቶ ለየሺ አስረከበ። የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ቁስሉን በሳሙና አጥቦ እውነቱን ነገራት፤ የውሻ በሽታ መርፌ እዚያ የለም፤ ደብረ ታቦርም አልቋል። ነገር ግን ቅዳሜ ጠዋት የደብረ ታቦሩ የጤና መኪና መድኃኒት ሊያመጣ ወደ ጎንደር ይወርዳል። ከመነሣቱ በፊት ከተነገረው መርፌውን ይዞ ይመለሳል። ካመለጠ የሚቀጥለው ጉዞ መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ያን ማታ የአርብ ገበያ ባትሪ ሞቶ ነበር። የሺ ልጅቱን ጠበል አስጠምቃ፣ ባትሪው ተሞልቶላት፣ ንጋቱን ጠበቀች። ትክክል አድርጋለች። ጠበሉን የሰጠ አምላክ መርፌውንም ሰጥቷል።

ቅዳሜ ጠዋት ሬዲዮዬን ስከፍት ተቆጣጣሪው እያነበበ ነበር። የቀበሌ ስም በቀበሌ ስም ላይ ይጠራል። ወዲያው በላዩ ላይ ፉጨት መጣ። ከፉጨቱ ሥር የሺን ሰማሁ።

«ደብረ ታቦር፣ ደብረ ታቦር... አርብ ገበያ ነኝ...»

እሷ እሱን አትሰማም። ያን ጠዋት ሁለቱ ከማይሰማሙበት ጠዋት አንዱ ነበር። አንድ አቡነ ዘበሰማያት ሙሉ አዳምጣለች፤ ኋላ ነግራኛለች። ባዶ ነበር። ስለዚህ ተነሣች።

«...ልጄን... ውሻ... መኪናው ሳይነሣ...»

የኔታ በፉጨቱ መካከል ገቡ። «አርብ ገበያ ከሆንሽ ድገሚ፤ መካነ ኢየሱስ ጸጥ በሉ፣ ጸጥ በሉ፣ ስለ ማርያም!»

የሺ የኔታን ሰማች። ደገመች። ቃል በቃል፣ ቀስ ብላ፣ እንዳስተማሯት፣ ሳታለቅስ ደገመች። ተቆጣጣሪውም ቀጠለ። ፉጨቱም ቀጠለ። እኔ አንዳንድ ቃል ለቅሜ ነገሩ ገባኝ። ቁልፉን ተጫንሁ። «የውሻ መርፌ! መኪናውን አስቁሙ!» ብዬ ጮኽሁ። ደጋግሜ ጮኽሁ። ለደብረ ታቦር የደረሰው ሦስተኛ ፉጨት ነው። በጉልበት ብዛት ሞገድ አይሰፋም። ይኸንን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ግን ጮኽሁ።

ሪፖርቱ ሲያልቅ ሞገዱ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ መልእክቱን በአንድ ትንፋሽ ለየኔታ አደረስሁ። ቃሉ እንዲህ አጭር ነበር፤ ከአንዲት የቀበሌ ስም ብዙ አይበልጥም። የኔታ ጋቢያቸውን ጥለው ሮጡ። ብዙ ቆይተው ተመለሱ። ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

«ወጥቷል ልጄ» አሉ። «አቧራው ነው ያለው።»

የሺ ይኸን ሰምታለች። የኔታን ትሰማቸው ነበርና።

ሰይድ በቅሎውን ጭኖ ልጅቱንና እናቷን እስከ መኪና መንገድ አደረሳቸው፤ ከዚያ እየተለመነ በጭነት መኪና ጎንደር ደረሱ። መንገዱ ያን ጊዜ የዛሬው አይምሰልህ፤ በየኬላው ይለፍ ይጠየቃል። ሲደርሱ በሽታው ቀድሟቸው ነበር። ፊት ላይ ሲሆን ይቸኩላል አሉ። ውሃ ስታይ የምትሆነውን የሺ ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ትርንጎ እዚያው ተቀበረች።

አሁን የምናደድበትን ልጻፍልህ። ሞት የእግዚአብሔር ነው፤ በእሱ ላይ ቃል የለኝም። ነገር ግን ልጅቱ ከተቀበረች በኋላ ተቆጣጣሪው የጻፈው ደብዳቤ ለሁላችንም ተነበበ። ሥነ ሥርዓት የጎደላቸው ኦፕሬተሮች በግል ጉዳይ የመንግሥት ሪፖርት አውከዋል ይላል። የግል ጉዳይ! ለየሺ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። የኔታን ከሬዲዮ አንሥቶ መጋዘን ጠባቂ አደረጋቸው፤ ያንን ጆሮ በሩን እንዲጠብቅ። በደብረ ታቦር ሬዲዮ ላይ እሱ የመረጠውን ሰው አስቀመጠ። ያ ሁሉ ሲሆን የትርንጎን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልጻፈም። «ሞገዱ ለሁላችን ነው» እያለ ይሰብክ ነበር። ለሁላችን የሆነውን ነገር አንድ ሰው ጣቱን አስቀምጦበት ሲተኛ፣ ያ ዘረፋ ካልሆነ ዘረፋ ምንድን ነው?

የሺ ከለቅሶ ስትመለስ ሥራ የምትለቅ መስሎኝ ነበር። አንድ ጠዋት፣ ሪፖርቱ ሊጀመር ሲል፣ ሬዲዮዬ ከፈት አለ።

«እንደምን አደራችሁ» አለች የሺ።

የኔታ የሚሉትን ቃል፣ በየኔታ ዜማ።

ደብረ ታቦር ያለው ሰው አልመለሰም። በዚያ ዘመን ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ይጠፋ ነበር፤ አንተም ጀርባዬ ላይ ነበርህ። አንድ አቡነ ዘበሰማያት አልሁ። ተጫንሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ወገዳ።»

ጣቴን አነሣሁ፤ ወደ ላይ ቀጥ አድርጌ ያዝሁት። ተራው የአስናቀች ነው። አስናቀች እንደ ዶሮ ፈሪ ናት። ተቆጣጣሪው ሪፖርቱን በእጁ ይዞ ከራሷ በላይ ቆሟል፤ ኋላ ነገረችኝ። ማይኩን ሊቀበላት እጁን ዘርግቷል። አልሰጠችውም።

«እግዚአብሔር ይመስገን። መካነ ኢየሱስ።»

«መካነ ኢየሱስ አልደረሰኝም» አለች የሺ።

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ያ የልጇ ቃል ነበር። እንባዬ ማይኩ ላይ ወረደ፤ ግን ተራ ሰጭዋ እኔ ነኝ።

«ደርሷል የሺ። መካነ ኢየሱስ እግዚአብሔር ይመስገን ብላለች። መካነ ኢየሱስ፣ አርብ ገበያ ዛሬ አትሰማሽም፤ እኔን ሳትጠይቂ አትነሺ።»

መካነ ኢየሱስ ላይ የየሺ ድምፅ አልተሰማም፤ የኔ ብቻ ተሰምቷል። ተቆጣጣሪው ቃሉን ደገመው አሉ። «አትሰማሽም?»

«አትሰማኝም ጓድ» አለችው አስናቀች። «ያን ቅዳሜም አትሰማዎትም ነበር። ባዶ መስሏት ነው የተነሣችው።»

ሪፖርቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ይቅርታ አላለም። የኔታን ወደ ሬዲዮአቸው አልመለሰም። ክልከላውንም አላነሣም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ማይክ ከአስናቀች እጅ ወስዶ አያውቅም። እኛም ሰላምታችንን አንድ ጠዋት አልዘለልንም፤ ያ መንግሥት እስኪያልፍ፣ እኔም ጡረታ እስክወጣ ድረስ። የኔታ መጋዘኑ በር ላይ እያሉ አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ጣታቸው እኔ ዘንድ አለ።

ዳዊት ይኸን ሁሉ አንብቦ ጨረሰ። ዛሬ ስልኮቹ ራሳቸው ከመናገራቸው በፊት ከምሰሶው ጋር ተጠያይቀው ተራ ይይዛሉ፤ ማን ማንን እንደሚሰማ በየጊዜው ይለካሉ አለኝ። «ያለዚያ ሁሉም ፉጨት ነው እማዬ» አለ። ደስ አለኝ። የሚለኩት በምን ቃል እንደሆነ ግን አልጠየቅሁትም፤ እኔ አውቀዋለሁ።

ላየሁት ነገር ሁሉ ለአምላክ ምስጋናዬ ብዙ ነው፤ ዳዊትን ሰጥቶኛል፤ የዕለት እንጀራ አላጣሁም። ቁጣዬንም አብሬ ይዤዋለሁ፤ እሱ ይፍረድ።

የሺ እስካሁን አርብ ገበያ ናት። ከትርንጎ በኋላ ሌላ ወንድ ልጅ አምላክ ሰጥቷታል። ያ ልጅ ያመጣላት ስልክ አላት። በየማለዳው፣ ዳዊት ገና ተኝቶ ሳለ፣ ስልኬ ይጮኻል። አነሣለሁ፤ ትንሽ አዳምጣለሁ።

«እንደምን አደርሽ ወገዳ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደረሰሽ?»

«ደርሶኛል» ትላለች፤ ትዘጋለች። ሌላ ቃል የለንም።